ስለ ሥጋ ሽያጭና ስለ አማና

ሐላሉን ለይቶ ላሳየን፣ ከሐራሙም ላስጠነቀቀን ለአላህ ምስጋና ይገባዋል። ሶላትና ሰላም የሚዛንን ቀጥተኛነት ባስተማሩት በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ ወንድሜ ሆይ፣ አንድ ጥያቄ አቀርብልሃለሁና ልብህን ሰብስበህ ስማኝ። ለሰው የተፈቀደውን ምግብ በሌላ ስም ጠርተህ ብትሸጥለት፣ እርሱም ሳያውቀው በልቶ ቢጠግብ፣ ባይታመምም፣ በድለኸዋልን ወይስ አልበደልከውም? «ምን ጐዳሁት? የበላው ሥጋ ነው፤ ሆዱ ሞልቷል፤ ዋጋውም ቀሎለታል» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ንግግር በመጀመሪያ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ብዙ ነጋዴም የወደቀው እውነት በሚመስል ንግግር ነውና፣ ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በጥር ወር የአየርላንድ የምግብ ደኅንነት ባለ ሥልጣን የበሬ ሥጋ እየተባሉ የሚሸጡ 27 ዓይነት ሀምበርገሮችን አስመርምሮ፣ በ10ሩ ውስጥ የፈረስ፣ በ23ቱ ውስጥ ደግሞ የዐሣማ ዘር ምልክት መገኘቱን ለሕዝብ ገለጠ። በአብዛኞቹ የተገኘው እጅግ ጥቂት ነበር፤ በአንዱ ግን የፈረሱ ሥጋ ከበሬው ጋር ሲነጻጸር 29 በመቶ ያህል ነበር። በተከታዩ ወር በብሪታንያ የበሬ ሥጋ አለበት ተብሎ ይሸጥ ከነበረ ላዛኛ 18 ናሙና ቢመረመር፣ በ11ዱ ውስጥ ከነበረው ሥጋ ከ60 በመቶ በላይ የሆነው የፈረስ ሆኖ ተገኘ። የአውሮፓ ማኅበር አገሮችም በዚያው ዓመት 4,144 ናሙና አስመርምረው በ193ቱ የፈረስ ሥጋ ምልክት አገኙ።

ሥጋው የመጣበት መንገድ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። የሩማንያ ቄራዎች ፈረሱን ፈረስ ብለው ሸጡት። አንድ ነጋዴ ገዝቶ በኔዘርላንድ በበረዶ መጋዘን አስቀመጠው፤ ከዚያ ወደ ፈረንሳይ ተላከ፤ ከፈረንሳይ ወደ ሉክሰምበርግ ፋብሪካ ተሻገረ፤ በመጨረሻም የበሬ ስም በተጻፈበት ሣጥን ውስጥ ሆኖ በእንግሊዛዊት እናት ማእድ ላይ ቀረበ። አራጁ አልዋሸም፤ እናቲቱም አልዋሸችም፤ ውሸቱ የገባው በመካከል፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ በሚተላለፈው ወረቀት ላይ ነው። በ2019 ዓ.ም. የፓሪስ ፍርድ ቤት አራት ሰዎችን በዚህ ማታለል ጥፋተኞች ናችሁ ብሎ ፈርዶባቸዋል።

በዚያን ጊዜ ሕዝቡ እጅግ ጮኸ። ጩኸቱ ግን ሁለት ዓይነት ነበር፤ አስተዋይ ሰውም ሁለቱን ሊለያቸው ይገባል። አንዱ «ፈረስ አበሉን!» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ዋሹን!» የሚል ነው።

ስለ መጀመሪያው ጩኸት እንነጋገር። የፈረስ ሥጋ ለአንዱ ሕዝብ የሚያጸይፍ፣ ለሌላው የክብር ማእድ ነው። እንግሊዞችና አየርላንዶች ፈረስን ይጋልቡታል እንጂ አይበሉትም። በፈረንሳይ ግን በ1866 ዓ.ም. ሽያጩ ስለ ተፈቀደ የፈረስ ሥጋ ብቻ የሚሸጡ ሉካንዳዎች ተከፍተዋል። ሙስሊሞች የሆኑት ካዛኮችና ኪርጊዞችም ለእንግዳቸው በክብር ያቀርቡታል።

የሸሪዓችን ሊቃውንትም በዚህ ነገር ተለያይተዋል። ጃቢር ኢብን ዐብዱላህ እንዳወሩት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኸይበር ዘመቻ ቀን የቤት አህያን ሥጋ ከልክለው የፈረስን ፈቅደዋል፤ የአቡበክር ልጅ አስማእም በነቢዩ ዘመን ፈረስ አርደው እንደ በሉ ተናግረዋል። ስለዚህ ኢማም አሽ-ሻፊዒይና ኢማም አሕመድ የተፈቀደ ነው አሉ። ኢማም አቡ ሐኒፋ ግን ጠሉት፤ ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ደግሞ ፈቀዱት። በኢማም ማሊክ መዝሀብ የታወቀው ቃል መከልከሉ ነው። የከለከሉት ሊቃውንት፣ በአን-ነሕል ምዕራፍ ፈረስ ለመጋለቢያና ለጌጥ እንደ ተፈጠረ ተነግሮ ስለ መብላቱ አለመጠቀሱን ተመልክተዋል። ታላላቆቹ በመከባበር የተለያዩበትን ነገር እኛ በስድብ ልንፈታው አይገባንም።

የነፍስ መጸየፍስ? እርሱ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን የተናቀ ነገርም አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት በቀረበላቸው ጊዜ እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብን አል-ወሊድ «ሐራም ነውን?» ብለው ቢጠይቁ፣ ሐራም አለመሆኑን፣ ነገር ግን በአገራቸው የማይገኝ ስለ ሆነ ነፍሳቸው እንዳልወደደችው ነገሯቸው። ኻሊድም ነቢዩ እያዩ በሉት። እንግዲህ አስተውል፤ ነቢዩ ስለ ተጸየፉት ለሌላው አልከለከሉትም፤ ሐላል ስለ ሆነም ራሳቸውን አላስገደዱም። የተፈቀደውን ነገር አለመብላት የሰው መብት ነው። ይህን መብት ከነቢዩ ያልወሰደ ሸሪዓ ከድኻይቱ ገበያተኛ ይወስደዋልን?

ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ጩኸት ስንመጣ የጥያቄያችንን መልስ እናገኛለን። ሻጩ የሰረቀው የሰውየውን ምርጫ ነው። ገዢው ገንዘቡን የሰጠው ለበሬ ሥጋ ነው፤ ለፈረስ ሥጋ አልሰጠም፤ ባልተስማማበት ሽያጭ ገንዘቡ ተወስዶበታል። በገዛ ፈቃዳችን ባልሆነ ንግድ አንዳችን የሌላችንን ገንዘብ እንዳንበላ አላህ በአን-ኒሳእ ምዕራፍ ከልክሎናል። ስለዚህ እንስሳው ሐላል ሆኖ ሳለ፣ የተሸጠበት ገንዘብ ሐራም ሊሆን እንደሚችል ዕወቅ። በጉሮሮህ የሚወርደውን ሥጋ ብቻ የምትመረምር፣ በኪስህ የሚገባውን ብር ግን የማትመረምር ከሆነ፣ የሃይማኖትህን ግማሽ ጥለኸዋል።

«አልጐዳሁትም» የሚለውም ቃል ራሱ ድፍረት ነው። ለፈረሶች ሕመም ማስታገሻ ፊኒልቡታዞን የሚባል መድኃኒት ይሰጣል፤ ይህን የወሰደ ፈረስ ለሰው ምግብ እንዳይሆን በአውሮፓ ተከልክሏል። ስሙ የተለወጠ ሥጋ ታሪኩም አብሮ ይጠፋልና፣ መድኃኒቱን የወሰደው ካልወሰደው አይለይም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አግብተው ከሥር ርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሻጩ ዝናብ እንደ መታው ተናገረ። እርሳቸውም ዝናቡን በእርሱ ላይ አልቈጠሩበትም፤ የቈጠሩበት ርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ አለማድረጉን ነው። የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ከዚህ የሚበልጥ ምን ማስፈራሪያ አለ?

አሁን ደግሞ ነጋዴውን ሊያስደነግጠው የሚገባውን ነገር ልንገርህ። እናታችን ዓኢሻ እንዳወሩት፣ ሰዎች ወደ ነቢዩ መጥተው፣ አዲስ የሰለሙ ሰዎች ሥጋ እንደሚያመጡላቸው፣ ሲያርዱም የአላህን ስም ማንሳታቸውን እንደማያውቁ ነገሯቸው። ነቢዩም ራሳቸው የአላህን ስም ጠርተው እንዲበሉ አዘዟቸው። እነሆ፣ ሸሪዓ ለገዢው አቀለለት፤ በየሉካንዳው እየቆመ እንዲመረምር፣ ሰውን ሁሉ እንዲጠራጠር አላስገደደውም። ነገር ግን ከገዢው ጫንቃ የወረደው ሸክም የት ሄደ? ወደ ሻጩ ጫንቃ ሄደ። እርሱ አምኖህ ቢስሚላህ ብሎ ሲጐርስ፣ ያንተን ቃል ተመርኵዞ ነው። ስለዚህ የሙስሊም ባለ ሉካንዳ የያዘው ቢላዋና ሚዛን ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቶቹን ሃይማኖት ይዟል። አማና ማለት ይህ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በየካቲት ወር በእንግሊዝና በዌልስ እስር ቤቶች ሐላል ተብሎ ለሙስሊም እስረኞች በቀረበ ምግብ ውስጥ የዐሣማ ምልክት መገኘቱን የአገሩ የፍትሕ ሚኒስቴር አስታውቋል። እስረኛ ወደ ሌላ ሉካንዳ መሄድ አይችልም፤ ከፊቱ ከቀረበለት ሳሕንና ከተነገረው ቃል በቀር ምንም የለውም። ምርጫ የሌለውን ሰው ማታለል ከማታለል ሁሉ የከፋ ነው።

የቀድሞ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። በ12ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አሽ-ሸይዘሪ፣ ሙሕተሲብ ለሚባለው የገበያ ተቆጣጣሪ በጻፉት መመሪያ፣ ባለ ሉካንዳዎች የፍየልን ሥጋ ከበግ ሥጋ ጋር እንዳይቀላቅሉ፣ የፍየሉም ሥጋ በዘዕፈራን ምልክት እንዲደረግበትና የመጨረሻው ቁራጭ እስኪሸጥ ድረስ ጭራው ከሥጋው ሳይለይ እንዲቆይ አዘዋል። ፍየልም በግም ሐላል ናቸው፤ ሆኖም ገዢው የሚገዛውን እንዲያውቅ ጭራው መስካሪ ሆኖ ተንጠለጠለ። ዛሬ ሥጋ ተፈጭቶ በሣጥን ሲዘጋ ጭራ የለውም፤ ምስክሩ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቃል ብቻ ነው። በዚያ ቃል ላይ የዋሸ ሰው የምስክርነት ውሸት ዋሽቷል።

ወንድሜ ነጋዴ ሆይ፣ «እኔ ከሌላ ገዝቼ ሸጥኩ፤ ኀላፊነቱ የፊተኛው ነው» አትበል። የሚጠረጥሩትን ነገር ላለማየት ዓይንን መጨፈን አለማወቅ አይባልም፤ ዋጋው ከገበያ ሁሉ ወርዶ ስታገኘው «ለምን?» ብለህ መጠየቅ ግዴታህ ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ነውር ያለበትን አንድ ልብስ ነውሩን ነግሮ እንዲሸጥ ለሸሪካቸው አዘዙት፤ እርሱ ግን ረስቶ ሳይናገር ሸጠው፤ ገዢውንም አላወቀውም። ኢማሙም ይህን በሰሙ ጊዜ የልብሱን ዋጋ በሙሉ ለድኾች መጸወቱት ተብሎ ይተረካል። ስሕተቱ የሌላ ሰው ነበር፤ ገንዘቡ ግን በእጃቸው ነበርና አልተኙለትም።

እኅቴ የቤት እመቤት ሆይ፣ አንቺም ያለ ማስረጃ «የእገሌ ሥጋ አይታመንም» እያልሽ የሰውን ስም አታጥፊ፤ ጥርጣሬን እንደ ወሬ መዝራት ራሱ በደል ነው። ከታመነ ሰው ግዢ፤ የጠረጠርሽውን ራሱን ሻጩን በጨዋነት ጠይቂው። ለልጆችሽም ሌላው ሕዝብ የሚበላውን መናቅ ሳይሆን፣ ውሸትን መጸየፍን አስተምሪያቸው። ፈረስ የበላ ሰው ምናልባት የሊቃውንት ፈቃድ አለው፤ ያታለለ ሰው ግን በየትኛውም መዝሀብ ፈቃድ የለውም።

አላህ ሪዝቃችንን ንጹሕ፣ ሚዛናችንን ትክክል፣ ቃላችንንም እውነት ያድርግልን። የተዘጋው ሣጥን ሁሉ በሚከፈትበት ቀንም ከማፈር ይጠብቀን፤ አሚን።