ሽሹ ማለት ብቻ አይበቃም

ማቴዎስ 24፥19-20፤ ማርቆስ 2፥1-5



ጌታችን ስለ መከራው ቀን ለደቀ መዛሙርቱ ሲነግራቸው፥ እንዲሸሹ በማዘዝ ብቻ አላለፈም። ለእርጉዞችና ለሚያጠቡ እናቶች አዘነ፤ ሽሽታቸውም በክረምት እንዳይሆን እንዲጸልዩ ነገራቸው። ሰው ሁሉ እኩል መሮጥ እንደማይችል ያውቃልና። እኛ ግን ይህን ቶሎ እንረሳለን።

በአሜሪካ አገር ያለችው የኒው ኦርሊንስ ከተማ ብዙው ክፍልዋ ከባሕር ወለል ዝቅ ያለ ስለ ሆነ በግድብ ትጠበቃለች። ነሐሴ 22 ቀን 1997 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2005) እሑድ ጧት፥ ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ በቀረበ ጊዜ፥ ከንቲባው ሕዝቡ ሁሉ ከተማይቱን ለቆ እንዲወጣ አዘዘ። ብዙ ሕዝብ በየመኪናው ወጣ፤ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ግን ቀሩ። በማግስቱ ግድቦቹ ተሰበሩ። ከከተማይቱ ከመቶው 80 እጅ የሚሆነው በውሃ ተሸፈነ፤ ነፋሱ በደረሰበት አገር ሁሉ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ፥ «ትእዛዙን ሰምተው ለምን አልወጡም?» እያሉ የፈረዱባቸው ነበሩ። እኛ ግን ከመፍረዳችን በፊት ምክንያቱን እንመርምር። በዚያች ከተማ ከአራቱ ቤተ ሰብ አንዱ ያህል መኪና አልነበረውም። ነፋሱ የመጣው በዚያ አገር አቆጣጠር ወሩ ሊያልቅ ሲል ነውና፥ ደመወዙን ወይም ጡረታውን የሚጠብቀው ድኻ በእጁ ገንዘብ አልቀረለትም። የሚያሳድረው ዘመድ የሌለው በሆቴል የሚከፍለውን ከየት ያመጣል? የታመመች እናቱን ከአልጋ ማንሣት ያልቻለስ ጥሎአት ይሂድን? ደግሞም ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ሳይሞላ፥ ኢቫን የተባለው ዐውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ፥ ብዙዎች ያላቸውን አውጥተው ሸሽተው ነበር፤ ነፋሱ ግን ወደ ሌላ ስፍራ ዞረ። ያን ጊዜ ያወጣውን ገንዘብ ገና ያልተካ ሰው ሁለተኛ መውጣት ቢከብደው ያስደንቃልን?

እንግዲህ ከቀሩት ብዙዎቹ የቀሩት ስላልሰሙ አይደለም፤ ትእዛዙ የሌላቸውን ስለ ጠየቃቸው ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም የታረዘውንና የተራበውን በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብት ሰው ምንም እንዳልጠቀመው ያስተምረናል።

በቅፍርናሆም የነበረውን ሽባ አስቡ። ጌታችን በቤት እንዳለ ሰምቶ ቢሆን እንኳ፥ ወሬው ብቻ እግር አይሆነውም ነበር። አራት ሰዎች ተሸከሙት፤ መንገድ ባጡ ጊዜም ጣራውን ነደሉ። ጌታችንም እምነታቸውን አየ።

ኒው ኦርሊንስም ከመከራዋ ተማረች። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ጉስታቭ የተባለ ሌላ ዐውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ፥ መኪና ለሌላቸው አውቶቡስና ባቡር ተዘጋጀላቸው፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩም ተሳፍረው ወጡ። እልከኞች ተብለው የነበሩት የሚሸከማቸውን ባገኙ ጊዜ ሄዱ።

ወንድሞች ሆይ፥ እኛስ? ወንዙ ሳይሞላ፥ ተራራው ሳይናድ፥ በሰፈራችን ብቻዋን የምትኖረውን አሮጊት፥ በምርኵዝ የሚሄደውን ጎረቤት፥ ካለችው አንዲት ላም ተለይቶ መሄድ የማይችለውን ድኻ እናውቃቸዋለንን? በዚያ ቀን ማን ማንን እንደሚሸከም ዛሬ እንነጋገር። ያን ጊዜ «ነግረናቸው ነበር» ማለት በጌታችን ፊት መልስ አይሆነንምና።

አቤቱ ጌታ ሆይ፥ በደኅና ቀን ሆነን በደከሙት ላይ እንዳንፈርድ ጠብቀን፤ ከአራቱ ተሸካሚዎች ጋር ትከሻችንን እንድንሰጥ እርዳን። አሜን።