የወደቀን መምታት

ከጉና ተራራ ግርጌ፣ በጋይንትና በእስቴ፣ እረኞች ትግል ሲገጥሙ ጀርባው መሬት የነካው ተሸነፈ፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ጣይ ይነሳል፣ ወዳቂ አቧራውን ያራግፋል። አማርኛውም ይህንኑ ያውቃል፦ «ጣለው» ማለት አሸነፈው ነው፤ በጦር ሜዳ የሞተም፣ ፈተና ያላለፈም «ወደቀ» ይባላል።

በቅይጥ ማርሻል አርት ግን ከመውደቅ በኋላ ሌላ ፍልሚያ ይጀመራል። ጣዩ ደረት ላይ ወጥቶ በቡጢና በክርን ይወቅጣል፤ ስልቱን ያስጠራው አሜሪካዊው ታጋይ ማርክ ኮልማን ነው። ቦክስ ከእ.ኤ.አ. 1743ቱ የብሮተን ደንብ ጀምሮ የወደቀን መምታት ይከለክላል። የቅይጡ ደንብ በዋናነት የሚከለክለው የወደቀን ሰው ጭንቅላት በእርግጫና በጉልበት መምታትን ነው።

ታዲያ ነውር ነው? ኃጢአትስ?

ለመፍረድ አይቸኮልም። ሮይስ ግሬሲ እ.ኤ.አ. በ1994 እጅግ የሚከብደውን ዳን ሰቨርንን ያሸነፈው ከሥር ተኝቶ፣ በእግሮቹ አንገቱን አንቆ ነው። የተኛ ሁሉ አልተሸነፈም ማለት ነው። ድንበሩ ራስን መከላከል አለመቻል ነው፤ ያኔ ዳኛው ይገባል፣ በአገራችን ገላጋይ «በማርያም!» እያለ እንደሚገባው።

ዳኛው እስኪደርስ ያለችው ቅጽበት ግን የመቺው ናት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2009 ላስ ቬጋስ ላይ ማይክል ቢስፒንግ በዳን ሄንደርሰን ቡጢ ራሱን ስቶ ተዘረረ። ሄንደርሰን ዘሎ በክንዱ ደገመው፤ ያቺ የመጨረሻዋ አፉን ለማዘጋት እንደነበረች በኋላ ራሱ ተናግሯል። እንዲህ ያለችው ምት፣ ዳኛ ባይቀጣባትም፣ ኃጢአት ናት። ድሉ ቀድሞ ተገኝቷልና የምትፈልገው ሰውየውን ብቻ ነው።

ዳዊት የወደቀውን ጎልያድን በገዛ ሰይፉ አንገቱን ቆርጧል። ያው ዳዊት በዓይንጋዲ ዋሻ የሚያሳድደውን ሳኦልን ሲያገኘው የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ፤ ለዚያም እንኳ ልቡ ወቀሰው። ዋሻው ውስጥ ገላጋይ አልነበረም። አብረውት የነበሩት እንዲያውም ይገፋፉት ነበር።

ለእስቴና ለጋይንት ጎረቤት በሆነችው ደብረ ታቦርም በ1834 ዓ.ም. የራስ አሊ ወገን ባላጋራውን ደጃዝማች ውቤን በጦርነት ማረከ፤ ራስ አሊ ግን ኋላ ፈትተው ወደ ግዛታቸው መለሷቸው።

በቅይጡ ሜዳ ደግሞ ማርክ ሀንት እ.ኤ.አ. በ2013 ጃፓን ውስጥ የስቴፋን ስትሩቭን መንጋጋ ሰብሮ ጣለው። በላዩ ላይ አልወጣም። ዳኛው ሳያስቆመው ፊቱን አዙሮ ሄደ።