የትኛው ሕዝብ?

ሶሻሊስቱ ጊ ሞሌ በ1956 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው በአልጄሪያ ሰላም አወርዳለሁ ብሎ ነበር። ፌብሩዋሪ 6 ቀን አልጀርስ ሲደርስ ፈረንሳውያን ሰፋሪዎች በቲማቲም ተቀበሉት። ያኔውኑ አፈገፈገ። በማርች ወር ልዩ ሥልጣን ከፓርላማ ሲጠይቅ ኮሚኒስቶች ሳይቀሩ ደገፉት፤ ወጣቱም ወደ ጦርነት ተላከ።

ፈሪ ነበር ብለን እንገላገል? ሰውየው እኮ የናዚን ወረራ የታገለ ነው። ጠላትን መድፈር አንድ ነገር ነው፤ የወገንን ጩኸት መቋቋም ግን ሌላ።

መሪ ሕዝብን ይስማ እንላለን። ታዲያ የትኛውን? ቲማቲም ወርዋሪዎቹም ሕዝብ ነበሩ፤ ሁሉም ባለጸጋ አልነበሩም። ብዙኃኑ አልጄሪያዊ ግን በዚያ አደባባይ ድምፅ አልነበረውም። የሰላሙ ቃል ደግሞ ይበልጥ የሚመለከተው እሱን ነበር።

እኛም ነገ ወንበሩ ሲደርሰን፣ ማን ጮኸ ከማለታችን በፊት ማን አልተሰማም ብለን እንጠይቅ።