የታተመው መጽሐፍና የብራናው አደራ

በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ከሚገኙት አድባራት ወደ አንዱ ዕቃ ቤት የገባ ሰው፣ በእንጨት ገበታ ተደጉሰው በቆዳ ማኅደር የተቀመጡ የብራና መጻሕፍትን፣ ከአጠገባቸውም በማተሚያ ቤት ታትመው የተገዙትን ያገኛል። ለዕለት አገልግሎት የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ የታተሙት ናቸው፤ ዋጋቸው ቀላል ነው፤ ቢያረጁም ይተካሉ። እኛም ማተሚያን አንነቅፍም፤ ብዙዎቻችን ፊደል የቈጠርነው የቡልጋው ተወላጅ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ባሳተሙት ገበታ ነውና።

ነገር ግን ከዚህ የተነሣ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ቃሉ በማተሚያ ከተባዛ በኋላ አሮጌው ብራና ስለ ምን ይጠበቃል? ጣራው እያፈሰሰ፣ መምህሩም ቀለብ አጥቶ ሳለ፣ ገንዘብ የያዘ ገዥ ቢመጣና ገበዙ «ቃሉ ከእኛ ዘንድ አልጠፋም» ብሎ ብራናውን ቢሰጠው በደሉ ምንድን ነው? ይህ የተቸገረ ሰው ጥያቄ ስለ ሆነ በቁጣ ብቻ ሊመለስ አይገባውም።

መልሱን ከአንድ የሸዋ መነኩሴ ታሪክ እንፈልግ፤ ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በግእዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ በ1513 ዓ.ም. በሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። አሳታሚው የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን በዚያ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ተምሮ ሳለ ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ጠራው፤ ይህን ያህል ደክሞ ስሙን መሳቱ ያስገርማል። ከ35 ዓመት በኋላ ሥራውን የያዘው ግን የአገሩ ልጅ ነበረ። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. በሮም አሳተመ። ዘመኑ በግራኝ ጦርነት ገዳማት የተቃጠሉበት፣ ደብረ ሊባኖስም ራሷ ከእሳቱ ያላመለጠችበት ስለ ነበረ፣ መጻሕፍት በባሕር ማዶ መባዛታቸው ታላቅ በረከት ነበር።

ሆኖም በእጁ የነበረው የግብረ ሐዋርያት ብራና ጐደሎ ነበር፤ የጐደለው ክፍልም ከላቲንና ከጽርእ እየተተረጐመ ተሞላ። ተስፋ ጽዮን ይህን አልሸሸገም። ፊደል ለቃሚዎቹ ግእዝ ማንበብ፣ እርሱና ባልንጀሮቹም የማተምን ጥበብ እንደማያውቁ ገልጾ ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ለመነ። ከዚያ በኋላ በ1657 ዓ.ም. የተፈጸመው የለንደኑ የብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ከዚሁ ከሮሙ እትም ወሰደ። ስለዚህ በሮም የተሠራው ጥገና ከለንደን እንደ ጥንታዊ የአባቶች ንባብ ሆኖ ወደ አንባቢ ሊደርስ ቻለ፤ በሮም የታጣው ንባብ ግን በኢትዮጵያ በብራና ላይ ነበረ።

ማተሚያ የተሰጠውን ያባዛል፤ ጉድለት ቢሰጡትም ጉድለቱን ያባዛል። ከአንድ እትም የወጡ ሺህ መጻሕፍት ቢቈጠሩ ምስክርነታቸው የአንድ ነው። በብርዕ የተጻፈ እያንዳንዱ ብራና ግን የራሱ ጸሓፊ፣ የራሱ ምንጭ፣ የራሱም ስሕተት ስላለው ለብቻው ይመሰክራል፤ አንዱ የጣለውን ሌላው ይይዛል። በኅዳጉ የተጻፈውስ? የርስት ውል፣ የሰጪው ስም፣ መጽሐፉን የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዘው ቃል፣ እነዚህን ሁሉ ማተሚያ ቤት አያውቃቸውም።

«በውጭ አገር ቢቀመጥ አይሻልምን?» የሚሉ አሉ። ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ከ1839 እስከ 1842 ዓ.ም. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ተቀምጦ የሰበሰባቸው ብራናዎች ቱቢንገን ደረሱ፤ ወጣቱ አውግስጦስ ዲልማንም በእነርሱ ግእዝን አጠና። በ1857 ሰዋስው፣ በ1865 መዝገበ ቃላት አወጣ፤ እኛም እስከ ዛሬ እንጠቀምባቸዋለን። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ምርጫው መስጠት ወይም ማበስበስ ብቻ አይደለም። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ከ8000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ ፊልሙ ለጥናት ወጣ እንጂ ብራናው ለባለቤቱ ቀረ፤ በአሜሪካ በኮሌጅቪል ተቀምጠው ብዙዎቹን መርምረው ዝርዝራቸውን የጻፉትም የሸንኮራው ተወላጅ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ቢሆንም ጽሕፈቱ ከተፋቀበት ስፍራ የቀረውን የቀለም ጥላ፣ የድጉሱንም ስፌት የሚመረምር ሰው ወደ ቆዳው ራሱ መመለስ ግድ ይሆንበታል።

ወደ ገበዙ እንመለስ። መጽሐፉን የሰጠው ሰው በዚያ መቅደስ ስሙ እንዲታሰብ ሰጠ እንጂ ለገበዙ አላወረሰውም፤ ስለዚህ ገበዙ ባለአደራ ነው፤ የእርሱ ያልሆነውን መሸጥ አይችልም። ነገር ግን ጣራው ሲያፈስ እያየ ዝም ያለው ምእመን ገበዙን ብቻ ቢወቅስ ፍርዱ ትክክል አይሆንም፤ ለክረምቱ ቆርቆሮ ያላዋጣ ሁሉ በሽያጩ ድርሻ አለውና። ሰበካ ጉባኤው ከገበዙ ጋር ተቀምጦ የእያንዳንዱን ብራና ቅጠል ይቍጠር፤ የጐደለውንም ጽፎ በመዝገብ ያኑር፤ ማኅደሮቹንም ከሚያፈሰው ማዕዘን፣ ከጭሱና ከአይጡ ያርቅ፤ ይህም ሰኔ ሳይገባ ይሁን።