ማጀቢያው ማንን ያጅባል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ እንጦጦ ግርጌ ካለ አንድ ሰፈር ተከራይቼ እኖር ነበር። ያከራዩኝ እናት፣ እማማ እያልኩ የምጠራቸው፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው እያወረዱ በመሸጥ ነው። አንድ ምሽት ቡና ተፈልቶ፣ የቤቱ ልጆችና እኔ ቴሌቪዥኑን ከበን ሳለ፣ ስለ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም መታየት ጀመረ። መንገዱ የምናውቀው መንገድ ነው። ሴቶቹ ወገባቸው ታጥፎ፣ መሬት መሬት እያዩ ይወርዳሉ። ከዚያ ዋሽንቱ ገባ። ቀስ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ ትዝታ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከልጆቹ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ፤ እኔም እንባ እንባ ብሎኝ ነበር።

እማማ ግን ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ «እነዚህን ሴቶች ምን ነካቸው? ሰው ሞቶባቸዋል እንዴ?» አሉ። እንደ እርስዎ እንጨት የሚሸከሙ ናቸው ስላቸው ወደ እኔ ዞሩ። «እኛ እኮ ስንወርድ እናወራለን። እንተማማለን፣ እንሳሳቃለን። ሸክሙስ ይከብዳል፤ ጥበቃውም ያሳድደናል። ዋሽንት የሚነፋልን ሰው ግን አንድ ቀን አጋጥሞኝ አያውቅም።»

ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ለመሆኑ ያ ዋሽንት ያለቀሰው ለማን ነው? የሙዚቃ ደራሲ የራሱን ኀዘን በሌላ ሰው ፊት ላይ የመጫን መብት አለው ወይ?

ለፊልምና ለቴሌቪዥን የሚደረሰውን ሙዚቃ «ማጀቢያ» እንለዋለን። ቃሉ ትሑት ነው። አጃቢ ማለት የጌታውን ግራና ቀኝ ይዞ የሚሄድ፣ ጌታው ሲቆም የሚቆም ነው። ይሁን እንጂ በፊልም ቤት ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ አጃቢው ቀድሞ ልጓሙን ይዞ ይጎትታል። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው «ሳይኮ» በተባለው ፊልም ውስጥ፣ ሴትየዋ ገላዋን ስትታጠብ የምትገደልበትን ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ሊያልፈው አስቦ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ግን በቫዮሊንና በመሰሎቹ የክር መሣሪያዎች ብቻ የሚጮህ ዜማ ደርሶ አመጣለት። ዛሬ ያን ትዕይንት የሚያስታውስ ሰው የሚሸበረው ከቢላዋው ይልቅ በቫዮሊኑ ነው። ዓይናችን ያየውን ምን ብለን እንደምንረዳው የነገረን ጆሯችን ነው።

የዚህ ሙያ ሰው ኑሮ ደግሞ እንዲህ ነው። ፊልሙ ተቀርጾ፣ ተቆራርጦና ተቀጣጥሎ ካለቀ በኋላ ይጠሩታል። ከዳይሬክተሩ ጋር ተቀምጦ ዜማው የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚወጣ ይነጋገራል፤ ሰከንድ እየቆጠረ ይደርሳል። ጊዜና ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ በእጁ ያለውን፣ እንባ በማምጣት የታወቀውን ቅኝት ይመዝዛል። ስሙ የሚወጣው በመጨረሻ፣ ተመልካቹ ካፖርቱን ለብሶ ሲነሳ ነው። ስሙ ስለማይታይ ኃላፊነቱም የማይታይ ይመስለዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ነገሩ ከሳሎን ጨዋታ እንደሚያልፍ የሚያሳይ ታሪክ በአገራችን ላይ ደርሷል። ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው የረሃብ ምስል፣ በማይክል በርክ ዘገባ አማካይነት በቢቢሲ ለዓለም የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ድግስ ሲካሄድ፣ ዴቪድ ቦዊ ከራሱ ዘፈኖች አንዱን ትቶ፣ የካናዳ ቴሌቪዥን ስለ ረሃቡ ያቀናበረው አጭር ፊልም እንዲታይ አደረገ። ማጀቢያው «ዘ ካርስ» የተባለ የአሜሪካ ባንድ የተጫወተው «ድራይቭ» የተሰኘ ዘፈን ነበር። ዘፈኑ ኑሮዋ ለተመሰቃቀለባት አንዲት ወዳጁ የሚጨነቅ ሰው ዘፈን ነው። የደረሰው ሰው ስለ ኮረም አላሰበም። ሆኖም ከእነዚያ ሕፃናት ፊት ጋር ሲገናኝ ስታዲየሙን ሙሉ ሰው አስለቀሰ፤ ከዚያ በኋላም የእርዳታው ቃል ጎረፈ።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ ሊቆጣኝ ይችላል። «ሰው በረሃብ ሲያልቅ የዜማ ነገር ያሳስብሃል? ያ እንባ እህል ሆኖ አልመጣም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። የተራበ ሰው ስንዴው በምን ዜማ እንደመጣለት አይጠይቅም። ያን ፊልም ያቀናበሩትን ሰዎች የምወቅስበት አንደበት የለኝም። ግን ሌላም ውጤት ነበረው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ኢትዮጵያዊ በባዕድ አገር ስሙን ሲናገር በሰሚው ጆሮ ውስጥ ያው የሐዘን ዜማ ይጀምር ነበር። ስንዴው ተበልቶ አለቀ፤ ዜማው ግን ቀረ። በዚያ ምስል ውስጥ ያሉት ሕፃናት ስም፣ ቀልድ፣ ቁጣ፣ የሠፈር ጨዋታ ነበራቸው። ያ ሁሉ በአንድ ማጀቢያ ተሸፈነ። አንድን ሰው ከሞት እያዳኑ መልኩን መውሰድ ይቻላል ማለት ነው።

ታዲያ የሙዚቃ ደራሲው ምን ያድርግ? መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ የእኛው አገር ሙሾ አውራጅ ታውቀዋለች። እሷም ጥሪ የሚደርሳት ምናልባት በሕይወቱ ሳለ አይታው ለማታውቀው ሰው ነው። ሥራዋም ሌላውን ማስለቀስ ነው። ግን ግጥሟን ከማውረዷ በፊት ትጠይቃለች። ስሙ ማነው? የማን ልጅ ነው? ምን ይወድ ነበር? ማንን ጥሎ ሄደ? ጥቂት ብታሳምር ይፈቀድላታል። ንፉጉን ለጋስ፣ ፈሪውን ጀግና ብላ ብታወርድ ግን ለቀስተኛው ጎን ለጎን ይተያያል፤ የሚቀበላትም ታጣለች። ዳኞቿ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ ችግር ይኸው ነው፤ ዘመድ አዝማድ በሌለበት፣ በዝግ ስቱዲዮ ውስጥ ያለቅሳል። «እንዲህ አልነበረም» የሚለው የለም።

እርግጥ ሁሉም ፊልም አንድ አይደለም። የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» እ.ኤ.አ. በ2005 በካን ፌስቲቫል ግራንድ ፕሪ ሲሸለም፣ ከማጀቢያዎቹ መካከል የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች፣ ለምሳሌ «የከርሞ ሰው»፣ ይገኙበት ነበር። እነዚያ ዜማዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀደም ብለው እዚሁ አዲስ አበባ የተቀረጹ ናቸው። በፊልሙ ውስጥ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ ጎረቤት ለቢል መሪ ገጸ ባሕርይ የሙዚቃ ሲዲ ይሰጠዋል፤ ሰውየውም የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ሲነዳ የሙላቱ ሙዚቃ አብሮት ይጓዛል። ዜማው ሰውየውን አያውቀውም፤ አውቀዋለሁም አይልም። አያለቅስለትም፣ አይፈርድበትም፤ አብሮት ይሄዳል እንጂ። ማጀብ ማለት በትክክል ይህ ይመስለኛል። ደግሞም ሰውየው በድርሰት የተፈጠረ ነው፤ የሚበደልበት ፊት የለውም። የእንጦጦዋ ሴትና የኮረሙ ሕፃን ግን ተዋናዮች አይደሉም።

አገሬው ብቻ ይድረስ ማለቴ እንዳልሆነም ልብ ይባልልኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ያገኘው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ሙዚቃው የተደረሰው በኢትዮጵያዊው ሳክስፎን ተጫዋች ጆርጋ መስፍንና ከሕንድ ስደተኞች በአሜሪካ በተወለደው ፒያኒስት በቪጃይ አየር ነው። የእንጦጦውን ዋሽንት የነፋው ሰው በአንጻሩ የእኛው ልጅ ነው፤ አገሬው መሆኑ ከስሕተት አላዳነውም። የሚለየው መጠየቅና አለመጠየቅ ነው።

ሕጋችን ለዜማው አስቦለታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ ስሙ እንዲጠቀስለትና ሥራው እንዳይዛባበት «የሞራል መብት» ይሰጠዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ እንዳይታይ ይከለክላል። በዚያ ምስል ላይ የሚፈሰውን ስሜት ግን የትኛው ዳኛ ይመዝነዋል? ይህ ለደራሲው ሕሊና የቀረ ነው። ሕሊና ደግሞ ብቻውን ሲቀር ይሰንፋል፤ የሚያግዘው ፈተና ይፈልጋል። እኔ የማቀርበው ፈተና ቀላል ነው፦ ይህን ዜማ በምስሉ ላይ ያለችው ሴት ከአጠገቤ ተቀምጣ ብትሰማው «ይህ የእኔ ነው» ትላለች ወይስ «ሰው ሞቶባቸዋል እንዴ?» ትላለች?

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የተራራው መልክ ብዙ ተለውጧል። እማማም ሸክሙን ከተዉ ቆይተዋል። በቀደም ልጠይቃቸው ሄጄ ያን ምሽት አስታወስኳቸውና፣ እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ለዚያ ፊልም ምን ዓይነት ሙዚቃ ያደርጉለት ነበር አልኳቸው። ጥቂት አሰቡ።

«ቅጠሉ እኮ ራሱ ይጮኻል» አሉኝ። «ስንሄድ ጀርባችን ላይ ይንኮሻኮሻል፤ ብዙ ሆነን ስንወርድማ ዝናብ የመጣ ይመስላል። ያን ቀን ግን አልተሰማም። ምነው አጠፉት?»