ዘር ከልጓም ይስባል?

ልጓም ትንሽ ብረት ናት፤ አፍ ውስጥ ስትገባ ግን ግዙፉን ፈረስ ወደ ፈለጉት ታዞረዋለች። «ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት አበው ከዚያች ብረት የሚበረታ ጉልበት በደም ውስጥ አይተዋል። ተረቱ ባዳ ቤት ያደገ ልጅ ወገኑን ፍለጋ ሲመጣ በአድናቆት ይነገራል። ሰው በፍርድ ለዘመዱ ሲያደላም በወቀሳ ይነሳል።

ይህን አባባል የውጭ ጉዲፈቻን ያህል የሚፈትነው ነገር ጥቂት ነው።

ከ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከአሜሪካ ልጅ ሊወስዱ የሚመጡ ብዙ ባልና ሚስት አዲስ አበባን ሁለት ጊዜ ይረግጡ ነበር። በመጀመሪያው ጉዞ ልጁን ማሳደጊያው ሄደው ያዩታል፣ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቀርበውም ይጠየቃሉ። ከዚያ ልጁን ትተው ይመለሳሉ። ለቪዛ እስኪጠሩ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። የዚያ ጉብኝት ዋና ዕቃ የፎቶ አልበም ነበር፤ ቤቱ፣ ውሻው፣ የተነጠፈለት አልጋ። ልጁ ቋንቋቸውን ባይሰማም ገጹን ይገልጣል፤ ውሻው ጋ ሲደርስ በጣቱ ይነካዋል፣ ቀና ብሎም ፊታቸውን ያያል። በጥቂት ቀን የበቀለው ይህ ፍቅር የደም ጠብታ የለበትም። ሆኖም ባሕር ተሻግረው፣ ልጁን እያሰቡ እንቅልፍ አጥተው፣ ተመልሰው ይመጡ የነበሩት በዚሁ ፍቅር ጉልበት ነው። እዚህ ላይ ተረቱ ይሸነፋል።

በዚያው የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ግን የወላጅ ስምም ሰፍሯል። ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሀዲያ ከሄዱት ልጆች ብዙዎቹ እናት ወይም አባት በሕይወት ነበራቸው። ወላጅ ፍርድ ቤት ቀርቦ ፈቃዱን ይሰጥ ነበር። በአገሩ ልማድ ልጅን ለሌላ ሰው አሳድግልኝ ብሎ መስጠት ዝምድና ማብዛት እንጂ መቁረጥ አይደለም። ስለዚህ ብዙዎቹ ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ ሲያድግም ልጁን ራሱን ይጠብቁ ነበር። በተቀባዩ አገር ሕግ ግን የወላጅነታቸው ነገር በዚያ ፊርማ አብቅቷል።

የእኛ ሕግ ተረቱን አልናቀውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 181 የጉዲፈቻ ልጅን እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጥረዋል። በአንቀጽ 183 ደግሞ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንዳይቋረጥ ይደነግጋል። ልጁ ሲሻገር አብሮት የተሻገረው የመጀመሪያው አንቀጽ ብቻ ነው።

የትውልደ ኢትዮጵያዊው ሼፍ የማርከስ ሳሙኤልሰን ሕይወት የደምንም የማሳደግንም ኃይል ያሳያል። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ሲሞቱ እሱና እህቱ ስዊድን ጎተንበርግ ለሚኖሩ ባልና ሚስት በጉዲፈቻ ተሰጡ። የወጥ ቤት ፍቅርን ያስተማሩት ስዊድናዊት አያቱ ሄልጋ ናቸው፤ ኒውዮርክ ላይ ዝና ያገኘውም በስዊድን ምግብ ነው። ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ግን የሞቱ የመሰሉት አባቱ በሕይወት እንዳሉ እህቱ ደረሰችበት። መጥቶ አባቱንና ከዚያ በፊት የማያውቃቸውን ወንድምና እህቶች አገኘ። የአሳዳጊዎቹን ስም ግን አልጣለም። ደሙ ስቦታል፤ ያሳደጉት እጆች ግን ልጓም አልነበሩም፣ አልያዙትም። ተረቱ ስለ መሳቡ እውነት ይናገራል፤ ማሳደግን ከልጓም ጋር ስናሰልፈው ነው የምንስተው።

በ2002 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ዓመት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,000 በላይ ልጆች ሄዱ። በ2003 መንግሥት የሚያስተናግደውን ጉዳይ በቀን ወደ አምስት አወረደው። በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ።

ክልከላው የሄዱትን አይመልስም። ያን ጊዜ የሄዱ ሕፃናት ዛሬ ወጣቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹም የመንደር ስምና የልጅነት ፎቶ ይዘው «ቤተሰብ ፍለጋ» በተባለው መዝገብ ላይ ዘመድ ይፈልጋሉ። እናቶችም በዚያው ይመዘገባሉ። የቀበሌው ስም፣ የወላጅ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያለባቸው ፋይሎች በፍርድ ቤቶች፣ ጉዲፈቻን ይከታተል በነበረው ሚኒስቴርና ማሳደጊያዎችን ያስተዳድሩ በነበሩ ድርጅቶች እጅ ናቸው። እናቶቹ ሳያልፉ ፋይሎቹ ለልጆቹም ለወላጆቹም መከፈት አለባቸው።