እንግዳ መቼ ነዋሪ ይሆናል?

አንድ ሰው ሥጋው ሞምባሳ፣ ደመወዙ ኒውዮርክ ቢሆን የሚኖረው የት ነው? ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም መልሱ ቀላል አይደለም። የኬንያ የባሕር ዳርቻ ሰው ሰዓቱን እንደኛው ከፀሐይ መውጣት ተነሥቶ ይቆጥራል፤ ማለዳው 1 ሰዓት፣ እኩለ ቀኑ 6 ሰዓት ነው። ላፕቶፑን ይዞ ከሩቅ የመጣው ሠራተኛ ግን ሥራ የሚጀምረው ሌላው የዕለት ጣጣውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲያዘግም ነው። ኒውዮርክ ቢሮ ሲገባ ሞምባሳ ላይ እንደ ወራቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ይሆናል፤ የመጨረሻው ስብሰባ የሚያበቃውም ሰፈሩ ከተኛ በኋላ ነው። ከጎረቤቱ የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ቢሆንም ሁለቱ የሚውሉት ቀን አንድ አይደለም።

ሞምባሳ በመጤ የምትደነግጥ ከተማ አይደለችም። ኢብን ባጡታ እ.ኤ.አ. በ1331 አልፎባታል። ፖርቹጋሎች በ1590ዎቹ የኢየሱስ ምሽግን ሠርተውባታል፤ የኦማን ሰዎች ደግሞ በ1698 ምሽጉን ነጥቀዋቸዋል። ያም ሆኖ ከተማዋን ከወራሪ ይልቅ የለወጣት ነጋዴው ይመስለኛል፤ ነጋዴውን ደግሞ የሚያዘው ነፋስ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ገደማ የሚነሣው ካስካዚ ጀልባዎችን ከዓረቢያና ከሕንድ ያመጣል፤ ከሚያዝያ በኋላ የሚነፍሰው ኩሲ ይመልሳቸዋል። ነፋሱ እስኪዞር ድረስ ቸኩሎ የሚሄድ የለም። ነጋዴው በዚያ ሁሉ ወር ይበደራል፣ ያበድራል፣ ይታመማል፣ ተካሶ ይዳኛል፣ አንዳንዱም አግብቶ ይወልዳል። የስዋሂሊ ሕዝብ አፍሪቃዊ መሠረቱን ሳይለቅ ከባሕር ማዶ ብዙ ነገር የተቀበለው እንዲህ ባለው መጠባበቅ ውስጥ ነው።

የዛሬው መጤ የሚጠብቀው ነፋስ የለም። እንጀራው የሚመጣለት በባሕር ሥር በተዘረጋ የኢንተርኔት ገመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ከጀመሩት ገመዶች አንዱ ሞምባሳን በኤምሬትስ ካለችው ከፉጃይራ ጋር ያገናኛል፤ የጥንቶቹ ጀልባዎች ይመላለሱበት ከነበረው ባሕር ብዙም አልራቀም። መንገዱ ያው ሆኖ መጠባበቁ ግን ቀርቷል። ዝናቡ ሲበረታ፣ ኪራዩ ሲወደድ፣ የምርጫ ሰሞን ሲያሰጋ ሰውየው ቲኬት ይቆርጣል።

የመሄድ ነፃነት በራሱ ነውር አይደለም። አማኑኤል ካንት በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ሲጽፍ፣ ምድር ክብ ስለሆነችና ሰዎች ያለ ገደብ ተበታትነው ሊኖሩባት ስለማይችሉ ማንም ሰው የሌላውን አገር በሰላም የመጎብኘት መብት አለው ብሏል። ሰንብቶ በእንግድነት ለመኖር ግን ልዩ ስምምነት ያስፈልጋል። ካንት ይህን ገደብ ያበጀው በእንግድነት ስም ገብተው አገር የሚወርሩ አውሮፓውያንን እያሰበ ነበር።

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ለርቀት ሠራተኞች ያወጣችው ፈቃድ እንዲህ ያለ ስምምነት ነው ማለት ይቻላል። ዋና ቅድመ ሁኔታው የሰውየው ገቢ ከአገር ውጭ የሚመጣ መሆኑ ነው፤ የአገሬውን ሥራ እንዳይሻማ። ከኢኮኖሚ አንፃር አስተዋይ ሕግ ነው። ከፍልስፍና አንፃር ሲታይ ግን ሰውየው እንዲኖር የተፈቀደለት ከከተማው ሥራ ውጭ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ስዋሂሊዎች ደግሞ ‹‹እንግዳ ሁለት ቀን ነው፤ በሦስተኛው ዶማ ስጠው›› ይላሉ። ተረቱ እንግዳን ለማባረር የተነገረ አይመስለኝም። ዶማ የጨበጠ ሰው የእርሻው ድርሻ አለበት፤ የአዝመራው ድርሻም አለው። አዲሱ ፈቃድ እንግዳውን እንዲሰነብት ይጋብዘዋል፤ ዶማውን ግን ይከለክለዋል።

‹‹ታዲያ ገንዘብ ያመጣ የለም ወይ?›› የሚል ይኖራል። ያመጣል፤ ኪራይ ይከፍላል፣ ዓሣና ማንጎ ይገዛል፣ ታክሲ ይሳፈራል። ነገር ግን የተከፈለ ሒሳብ ይዘጋል፤ ሰውን ከሰው የሚያስተሳስረው ያልተዘጋው ነው። ሞምባሳ ውኃ ያጥራታል። ከምንጮቿ አንዱ የሆነው ምዚማ የሚገኘው ርቆ ጻቮ ውስጥ ነው፤ የቧንቧ ውኃ ሲቋረጥ ጀሪካን በእጅ ጋሪ የሚያዞሩ ሻጮች ሰፈሩን ያዳርሳሉ። ኒያሊ በተባለው የከተማዋ ሰፈር የራሱ ጉድጓድና ታንከር ባለው አፓርታማ የሚኖር ተከራይ የውኃውን መጥፋት የሚያውቀው በወሬ ነው። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ከተማው የሚቸገርበት ነገር እርሱን አይነካውም፣ ስለዚህም ‹‹ውኃው ለምን ጠፋ?›› ብሎ ከጎረቤቱ ጋር የሚነሣበት ምክንያት የለውም።

እንግዲያው ነዋሪነት ማለት ችግርን መጋራትና መሄድ አለመቻል ነው እንዳንል ጅዳ ትሞግተናለች። እርሷም የሞቃት ቀጠና ወደብ ናት፤ በየቤቱም የእኛ አገር ልጆች ተቀጥረው ይሠሩባታል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 ብዙ የግል ድርጅት ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ከአገር እንዲወጡ ስትፈቅድ የቤት ሠራተኞች በማሻሻያው አልተካተቱም። ስለዚህ ሠራተኛዋ እንደ ሞምባሳው ሰው ቲኬት ቆርጣ አትሄድም። ሙቀቱም ድካሙም ያገኛታል፤ የሌላውን ልጅ ታሳድጋለች፤ ዶማውንም ጨብጣለች። ነገር ግን ደመወዟ ቢቀር የምትጮኽበት ቦታ ማግኘት ይከብዳታል፤ ስለ ሰፈሩ አስተያየቷን የምትሰጥበት ቦታም የላትም። አሥር ዓመት ብትቆይም የከተማው ሰው አትባልም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የጎደለው ይታያል። የሞምባሳው ሰው መብት አለው፤ ግዴታው ግን ከኪራይ አያልፍም። የጅዳዋ ሴት ግዴታ ተጭኖባታል፤ መብቷ ግን ጎዶሎ ነው። የጥንቱ ነጋዴ ሁለቱም ነበሩት፤ ያበደረውን ያስከፍላል፣ የተበደረውን ይጠየቃል። ነዋሪ የሚያደርገን የዓመት ብዛት ወይም የተወለድንበት ስፍራ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ቦታ ጠያቂም ተጠያቂም መሆን ነው።

ይህ ነገር ለባሕር ዳር ፈረንጆች ብቻ የተጻፈ እንዳይመስል። ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት የሚሠራ፣ ቀኑን በሌላ አገር ሰዓት የሚውል የእኛም ወጣት ሞልቷል። ተወልዶ ባደገበት ሰፈር ዕድሩን ሳያውቅ፣ የወረዳውን ስብሰባ ሳይረግጥ፣ ጄኔሬተርና ታንከር ገዝቶ ከጎረቤቱ ችግር የተገላገለ ከሆነ እርሱም ከሞምባሳው ተከራይ አይሻልም። እንግዳ መሆን ክብር አለው፤ እንግድነቱን የሚያውቅ እንግዳም ማንንም አይጎዳም። ነዋሪ ነኝ ለማለት ግን ኪራይ መክፈል አይበቃም። አንባቢ ሆይ፣ ያለህበት ከተማ ምን ይጠይቅሃል? አንተስ ምን ትጠይቀዋለህ? ለሁለቱም መልስ ከሌለህ ገና እንግዳ ነህ።